ብርቱ የስፖርት ልምምድ በልጃገረዶች አጥንት ላይ ስለሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት

አጥንት ለብዙ ሰው የሚመስለው እንደ ቤት ምሰሶ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ እስኪነቅዝ ድረስ ዝም ብሎ የሚቆም፥ ሕይወት የሌለው ደረቅ ነገር። የሰውን አካል የመረመሩ ሊቃውንት ያገኙት ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። አጥንት እንደ ሥጋና እንደ ቆዳ ሕያው ነው፤ ደም ይመላለስበታል፤ ሌሊትና ቀን ይፈርሳል፥ ሌሊትና ቀንም ይሠራል። በውስጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ፤ እነርሱም በማጉያ መነጽር ካልሆነ በቀር የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። አንዱ ወገን ያረጀውን አጥንት እየቦረቦረ ያነሣል፤ ሁለተኛው ወገን በተነሣው ስፍራ አዲሱን ይገነባል። በልጅነት የሚገነባው ከሚፈርሰው ይበልጣል፤ በጎልማሳነት ሁለቱ ይተካከላሉ፤ በእርጅና ግን የሚፈርሰው ይበልጣል። ይልቁንም ሴት ልማደ አንስት ከቀረባት በኋላ መፍረሱ ይፈጥናልና፥ አሮጊቶች ከሽማግሌዎች ይልቅ በትንሽ አወዳደቅ ዳሌያቸው የሚሰበርበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ በአጥንት ነገር የልጅነት ዘመን የመኸር ወራት ነው ማለት ይቻላል። በመኸር ጎተራውን የሞላ ሰው ክረምቱን ያለ ሥጋት ያሳልፋል፤ ግማሹን ብቻ የሞላ ግን ሰኔ ሳይገባ ባዶው ይታየዋል። በካናዳ አገር በሳስካችዋን ልጆችን ስድስት ዓመት ተከታትለው የለኩ ሊቃውንት በ1999 ዓ.ም. እንደ ገለጹት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፥ ሰው በሙሉ አካሉ ከሚያከማቸው የአጥንት ማዕድን ከአራት እጅ አንዱ ያህል የሚገባው እድገት እጅግ በሚፈጥንባቸው በሁለት ዓመታት ውስጥ ብቻ ነው። ይህም ጊዜ ለሴቶች ልጆች በ12 ዓመት ተኩል ግድም ይውላል። ልጃገረዲቱ 18 ዓመት ሲሞላት ከሚኖራት አጥንት ሁሉ ከመቶው 90 ያህሉ ገብቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ድካም በአብዛኛው ያለውን ለመጠበቅ ነው እንጂ አዲስ ለመጨመር አይደለም። የትምህርት ቤት መምህር ልጃገረድን የሚያገኛት በዚሁ ዘመኗ ስለ ሆነ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተዋል።

አጥንት የሚጠነክረው በሥራ ነው። ዩልዩስ ቮልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1892 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት እንደሚጫንበት ሸክም መጠን መልኩንና ውስጡን እንደሚለውጥ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምስክር ተገኘለት። በተለይ የሚያስደንቀው የቴኒስ ተጫዋቾች ነገር ነው፤ ተጫዋች የምትመታው በአንድ እጅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁለተኛው እጇ ለራሷ ለራሷ ማመሳከሪያ ይሆናታል፤ ምግቡም ደሙም ዘሩም አንድ ነውና። በፊንላንድ አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው ምርመራ የሚመታው ክንድ ከማይመታው ይልቅ የጠነከረ አጥንት እንዳለው አሳየ፤ ደግሞም ልማደ አንስት ሳይመጣባቸው ወይም በመጣበት ጊዜ መጫወት የጀመሩት ሴቶች፥ ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይተው ከጀመሩት ይልቅ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ የሚሆን ብልጫ አገኙ። ያው ድካም፥ ያው ራኬት፥ ያው ኳስ ሲሆን፥ ልዩነቱን ያመጣው የተጀመረበት ዕድሜ ነው።

ሁሉም ዓይነት ስፖርት ግን ለአጥንት እኩል አይደለም። ጂምናስቲክ የሚሠሩ ልጃገረዶች መሬት ሲረግጡና በእጃቸው ሲቆሙ ትልቅ ሸክም ይቀበላሉና አጥንታቸው ከእኩዮቻቸው የጠነከረ ሆኖ ተገኝቷል። ዋናተኞች ግን ጡንቻቸው ቢበረታም ውኃው ክብደታቸውን ስለሚሸከምላቸው አጥንታቸው ካልሠለጠኑት ልጆች እምብዛም አይበልጥም። አጥንት የሚወደው አጭር፥ ድንገተኛና ብርቱ ምት ነው፤ ረጅምና ለስላሳ እንቅስቃሴ አይቀሰቅሰውም። በአሜሪካ በኦሪገን በ2001 ዓ.ም. በወጣ ሙከራ፥ ለአቅመ ሔዋንና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ 89 ሕፃናት በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየቀኑ 100 ጊዜ፥ ከፍታው 61 ሳንቲሜትር ከሆነ ሣጥን ላይ በሁለት እግሩ ወደ መሬት ሲዘል፥ ሁለተኛው ወገን አካሉን ብቻ ሲያፍታታ ሰባት ወር ቆዩ። በመጨረሻ ሲለኩ የዘላዮቹ የጭን አጥንት አንገት ከሌሎቹ ይልቅ ከመቶ 4.5፥ የታችኛው አከርካሪያቸውም ከመቶ 3.1 በልጦ ተገኘ። ዝላይ መሣሪያ አይፈልግም፤ ገመድ መዝለልም ሆነ ሰኞ ማክሰኞ የልጆች ጨዋታ ነው። አንዳንድ ሰው ሴት ልጅ ስትዘል ባየ ጊዜ «አርፈሽ ተቀመጪ» ብሎ የሚቈጣው ስለ ጨዋነት አስቦ ይሆናል፤ ለአጥንቷ ግን ዝላዩ ይሻላታል።

እንዲህ ከሆነ ልምምዱ በበዛ ቁጥር ጥቅሙም ይበዛል ብሎ የሚያስብ አይታጣም፤ ብዙ አሠልጣኞችም እንዲሁ ሲያስቡ ኖረዋል። ነገሩ መጠርጠር የጀመረው ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በ1981 ዓ.ም. ሮዝ ፍሪሽ የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ ከባልንጀሮቿ ጋር የሯጮችንና የዋናተኞችን ነገር መርምራ፥ አንዲት ልጅ ልማደ አንስት ሳይመጣባት በሠለጠነችበት በያንዳንዱ ዓመት ልማዱ አምስት ወር ያህል እንደሚዘገይ ጻፈች። (እርግጥ ነው፥ በተፈጥሮ ዘግይተው የሚያድጉ ቀጫጭን ልጆች ራሳቸው ሩጫን ይመርጡ ይሆናል እንጂ ሩጫው ብቻ አላዘገያቸውም የሚሉ ሌሎች ሊቃውንት አሉ፤ ነገራቸውም ከንቱ አይደለም።) በ1984 ዓ.ም. ባርባራ ድሪንክዋተርና ባልደረቦቿ ልማዳቸው የተቋረጠባቸውን 14 ስፖርተኞች ካልተቋረጠባቸው 14 ስፖርተኞች ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ዕድሜ በአማካይ 25 ዓመት ያህል ነበረ፤ የአከርካሪያቸው አጥንት ግን በ51 ዓመት ሴት ላይ የሚገኘውን ያህል ሳስቶ ተገኘ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በባሌት ጭፈራ በሚሠለጥኑ ልጃገረዶች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ልማደ አንስት ዘግይቶ የመጣባቸው ከሌሎቹ ይልቅ አጥንታቸው የሚሰበርና አከርካሪያቸው የሚጣመም ሆነው ታዩ።

ይህ ከላይ ከተነገረው ጋር የሚጣላ ይመስላል። ሸክም አጥንትን የሚያጠነክር ከሆነ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚደክሙት ስለ ምን ሳሱ? መልሱ ሊቃውንቱን ብዙ ዓመት አከራክሮ በመጨረሻ የተገኘው በሩጫው ውስጥ ሳይሆን በማዕዱ ላይ ነው። አን ላውክስ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ሴቶችን እያሠራች፥ ለአንዳንዶቹ የሥራቸውን ያህል ምግብ ጨመረችላቸው፤ ለሌሎቹ አልጨመረችላቸውም። ምግብ የተጨመረላቸው እንደዚያው እየደከሙ ሳሉ አንዳች አልጎደለባቸውም፤ ያልተጨመረላቸው ግን ከአንጎላቸው የሚወጣው፥ ልማደ አንስትን የሚያዝዘው ምልክት ተዛባ። እንግዲህ ጠላቱ ድካሙ ሳይሆን ድካሙን የማይመጥን ምግብ ነው።

ይህንንም ለመረዳት የገበሬን ቤት ማየት ይበቃል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት አባወራው አስቀድሞ የሚያቆመው ምንድን ነው? ሠርግን ያዘገያል፤ አዲስ ጎጆ መሥራትን ይተዋል፤ ያለው እህል ለዕለት ጉርስ እንዲውል ያደርጋል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። የሚገባው ምግብ ከሚወጣው ኃይል ያነሰ እንደ ሆነ፥ ልብ እንዲመታና ሳንባ እንዲተነፍስ ሲል ልጅ የመውለድን መሰናዶ ያቆማል፤ አጥንት መገንባትንም ይቀንሳል። ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ክፍል ትእዛዟን ታሳንሳለች፤ እንቁላል የሚያመነጨው ዕጢ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ማውጣቱን ይተዋል። ኤስትሮጅን ደግሞ አፍራሾቹን ሕዋሳት የሚገታ ልጓም ነው፤ ልጓሙ ሲወልቅ እነርሱ ያለ ከልካይ ይቦረቡራሉ። በሌላም መንገድ፥ ኤስትሮጅን ገና ሳይጎድል፥ የምግብ ማነስ ብቻውን የገንቢዎቹን ሥራ ያደክማል፤ በላውክስ ሙከራ ለዚህ አምስት ቀን በቅቷል።

መጠኑም ተለክቷል። ከሰውነት ክብደት ስብ ተቀንሶ በቀረው በያንዳንዱ ኪሎ፥ የስፖርቱ ድካም ከወጣ በኋላ 45 ካሎሪ ያህል ሊተርፍ ይገባል፤ ከ30 በታች የወረደ እንደ ሆነ ጉዳቱ ይጀምራል። 45 ኪሎ የምትመዝን፥ ከዚህም 9 ኪሎው ስብ የሆነ ልጃገረድ ብትኖር፥ የቀረው 36 ኪሎ ነው፤ በ30 ቢባዛ 1080፥ በ45 ቢባዛ 1620 ካሎሪ ይሆናል። ይህች ልጅ በቀን 1800 ካሎሪ በልታ በሩጫ 800 ብታወጣ የሚተርፋት 1000 ብቻ ነው፤ ጠግባ የበላች መስሏት ሳለ ከወሰኑ በታች ወርዳለች። ቁጥሩም የተለካው ባደጉ ሴቶች ነው፤ በማደግ ላይ ላለች ልጅ ከዚህ የሚያንስ አይበቃትም።

የምግብ ማነስ፥ የልማደ አንስት መቋረጥና የአጥንት መሳሳት ተያይዘው የሚመጡ ሦስት ነገሮች መሆናቸውን የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ሊቃውንትን ሰብስቦ አስመከረበት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ፥ ጉዳቱ በሦስቱ ብቻ የማይወሰን፥ ልብንም ደምንም መንፈስንም የሚነካ፥ ወንዶችንም የሚያገኝ መሆኑን አስታወቀ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው «የቀጠነች ትፈጥናለች» ከሚለው አሳብ ነው። ሜሪ ኬን የተባለችው አሜሪካዊት ሯጭ በ2013 ዓ.ም. ገና 17 ዓመቷ ሳለ በሞስኮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ላይ አገሯን ወክላ ሮጠች። በ2019 ዓ.ም. ራሷ ለሕዝብ እንደ ተናገረችው፥ ክብደቷን እንድትቀንስ አብዝታ ስትገደድ ልማደ አንስቷ ሦስት ዓመት ቀረ፤ አምስት አጥንቶቿም ተሰበሩ። ቀጠነች፥ ነገር ግን አልፈጠነችም።

የውድድር ሹማምንትም ዕድሜን በመወሰን ነገሩን ሊያስታግሡ ሞክረዋል። በ1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ናድያ ኮማነቺ የተባለችው ሮማንያዊት በጂምናስቲክ የመጀመሪያውን ፍጹም 10 ነጥብ ስታገኝ 14 ዓመቷ ነበረ። በኋላ ወሰኑ በ1981 ዓ.ም. ወደ 15፥ በ1997 ዓ.ም. ወደ 16 ከፍ አለ፤ የበረዶ ላይ ሸርታቴ ማኅበርም በ2022 ዓ.ም. ወሰኑን ከ15 ደረጃ በደረጃ ወደ 17 እንዲያደርስ ወሰነ። መልካም ነው፤ ሆኖም ይህ ሕግ የሚገዛው የውድድሩን ቀን እንጂ ከዚያ በፊት ያለውን የልምምድ ዓመት አይደለም፤ ልጆቹም የሚጎዱት በአብዛኛው በልምምዱ ነው።

ስለ ቁመትም መጠየቅ የተለመደ ነው። በስዊስ አገር በ1993 ዓ.ም. በሳምንት 22 ሰዓት ያህል የሚሠለጥኑ የጂምናስቲክ ልጃገረዶች እድገታቸው መዘግየቱ ተጽፎ ነበር። በኋላ የመጡ መርማሪዎች ግን አሠልጣኞች አስቀድሞ አጫጭሮችን መርጠው ስለሚወስዱ፥ አጭርነቱ ከምርጫው እንጂ ከልምምዱ አይደለም ይላሉ። ያልተከራከሩበት ነገር፥ በእጅ ላይ መቆም የበዛ እንደ ሆነ የእጅ አንጓ አጥንት የሚያድግበትን ገና ያልጠነከረ ስፍራ እንደሚጎዳ ነው።

በኢትዮጵያ ደራርቱ ቱሉ በ1992 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች፥ ፋጡማ ሮባም በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን ካሸነፈች ወዲህ፥ በአርሲም ሆነ በሌላው ደጋ በማለዳ የሚሮጡ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። አንዳንድ አባት ከዚህ በላይ የተጻፈውን ሰምቶ «እንግዲያስ ልጄ አትሮጥም» ይል ይሆናል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ተቀምጣ የምታድግ ልጅ አጥንቷ ሳይጠነክር ይቀራል፤ በልታ የምትሮጥ ልጅ ግን ታተርፋለች። የሚያስፈራው ሳይበሉ መሮጥ ነው።

በዚህ ረገድ የገጠር ልጅ ሒሳብ ከከተማ ልጅ ይለያል። ጎሕ ሲቀድ ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ በእግሯ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ «ሜዳውን ዙሪ» ይላታል። ሰውነት የእንስራውን ድካም ከሩጫው ድካም ለይቶ አይቈጥርም፤ ሁለቱንም ከአንድ ጎተራ ይከፍላል። ስለዚህ ልጂቱን ለሩጫ የሚመርጣት መምህር ወላጆቿን ሁለት ነገር ሊጠይቃቸው ይገባል፤ ከሥራው ጥቂቱን ወንድሞቿ እንዲካፈሉላትና ከሮጠች በኋላ ሳትቆይ የምትበላው እንዲቀመጥላት። ገበታ ሲቀርብ ሴት ልጅ መጨረሻ የምትደርስበት ቤት ካለ፥ የሯጭ ልጅ አጥንት የሚሳሳው እዚያው ነው።

ምግቡን በተመለከተ፥ አስቀድሞ መጥገብ ነው፤ ያልጠገበ ሰውነት ካልሲየም ቢሰጡት አጥንት አይሠራበትም። ከጠገበች በኋላ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 1300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም እንድታገኝ የአሜሪካ ሊቃውንት ይመክራሉ፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሰጣል። እርጎ፥ አሬራና አይብም ከዚሁ ወገን ናቸው። በጾም ቀን ጎመን፥ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራ ይረዳሉ፤ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ ይልቅ ብዙ ካልሲየም አለው። ቆስጣ አረንጓዴ ቢሆንም በውስጡ ያለው ነገር ካልሲየሙን ስለሚይዝበት የጎመንን ያህል አይጠቅምም። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ የሚያደርገው ቫይታሚን ዲ ሲሆን፥ ይህንንም ቆዳ ከፀሐይ ያበጀዋል። ልጂቱ የምትጾም እንደ ሆነች ጾሟ የእርሷና የንስሐ አባቷ ነገር ነው፤ የአሠልጣኙ ድርሻ ሥልጠናውን ለጾሙ መቀነስ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ሳትቀምስ የቆየችን ልጅ በባዶ ሆዷ ዳገት ማስሮጥ ማስተዋል የጎደለው ሥራ ነው።

ልምምዱንም መለካት አይከብድም። በአሜሪካ በ2015 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በሳምንት ከዕድሜያቸው ቁጥር በሚበልጥ ሰዓት የሚሠለጥኑ ልጆች ይበልጥ እንደሚጎዱ አሳይቷል፤ የ12 ዓመት ልጅ ከ12 ሰዓት አትለፍ ማለት ነው። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ቀን፥ በዓመትም ሁለት ወይም ሦስት ወር ከዚያ ስፖርት ማረፍ እንዲገባ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር መክሯል። የአዝመራ ወራት ለዚህ ዕረፍት የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን አጨዳም ድካም መሆኑ አይዘንጋ።

የሰውነት ሒሳብ መጉደሉን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ልማደ አንስት ነው። 15 ዓመት ሞልቷት ያልመጣባት፥ ወይም መጥቶባት ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ሐኪም ሊያያት ይገባል። አንዳንድ ሯጮች ልማዱ ሲቀር «ጠንክሬ መሥራቴን ያሳያል» ብለው ይደሰታሉ፤ የሚያሳየው ግን ረኀብን ነው። ወንድ መምህር ይህን ነገር ልጂቱን ፊት ለፊት ቢጠይቃት ታፍራለች፥ እውነቱንም አትነግረውም፤ ሴት መምህር ወይም እናቲቱ ብትጠይቃት ይሻላል። መምህሩ ራሱ ሊያየው የሚችለው ሌላው ምልክት፥ መክሳቷ፥ ቶሎ መድከሟ፥ ብርድ መፍራቷ፥ ከሰው ጋር መብላት መሸሿና ሰዓቷ እየባሰ መሄዱ ነው። በሌላው ፊት በሚዛን ላይ ማቆም ወይም ስለ ሰውነቷ መቀለድ ፈጽሞ አይገባም።

አጥንት የሳሳበት ሰው ሳይወድቅና ሳይመታ ሊሰነጠቅ ይችላል። እግር በሺህ የሚቈጠር ጊዜ መሬት ሲመታ ጥቃቅን ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ገንቢዎቹ ሕዋሳት ካልደረሱለት ስንጥቁ ይሰፋል። ሕመሙ መጀመሪያ በሩጫ መጨረሻ ላይ ብቻ ይሰማል፤ ቀጥሎ ከሩጫው መጀመሪያ ጀምሮ፥ በኋላም ተኝታ ሳለች። በአንድ ጣት ተጭነው «እዚህ ላይ» ብለው የሚያሳዩት ሕመም፥ ይልቁንም በአገዳና በእግር ጫፍ አጥንቶች ላይ፥ ከጡንቻ ድካም ይለያል። እንዲህ ያለውን ወጌሻ ቢያሸው ስንጥቁን ያሰፋዋል እንጂ አይጠግነውም። ራጅም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንጥቁን ላያሳይ ይችላልና፥ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብላ የተመለሰች ልጅ ሕመሙ ካልለቀቃት ወደ ሜዳ አትመለስ። በአገዳ ላይ የሆነው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕረፍትና በቂ ምግብ ሲያገኝ ይድናል። በብሽሽት ውስጥ የሚሰማ፥ ስትራመድ የሚያነክሳት ሕመም ግን የጭን አጥንት አንገት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አጥንት ፈጽሞ ከተሰበረ ደም ስለሚቋረጥበት ሊሞት ስለሚችል፥ ልጂቱ በእግሯ ሳትረግጥ፥ በበቅሎም ሆነ በቃሬዛ፥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።